ኮዱ ያለው ጋሼ ስልክ ላይ ነው

«አነበብኩልህ እኮ! ከዚህ በላይ ምን ላድርግልህ?»

«አንብበውልኛል። ግን ጋሼ፣ እንደ ኩንታል ነው የሚቆጥሩት።»

«ታዲያ ቁጥር እንደ ምን ይቆጠራል?»

«አንድ በአንድ ይንገሩኝ። ስምንት፣ አራት፣ ሰባት እያሉ። ‹ስምንት መቶ አርባ ሰባት ሺህ› ብለው ሲጀምሩ፣ ሺሁን ሳይጨርሱት ኮዱ ይቀየራል።»

«ሙሉ አድርጎ ነው የሰጠኝ፤ ሙሉውን ሰጠሁህ። ሰባብሬ ልስጥህ እንዴ?»

ስልካቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና ክንዳቸውን አጣጠፉ። ኮምፒውተሩ ላይ ያው ቀይ ጽሑፍ ወጣ። ያስገቡት ኮድ ትክክል አይደለም ይላል። ከግድግዳው ሥር አግዳሚው ላይ የተቀመጠችው ሴት አንገቷን አስግጋ እኛን ሳይሆን ጽሑፉን ታያለች። ፊደል እንዳልቆጠረች ገና ስትገባ ነግራናለች። ቀይ መሆኑን ለማየት ግን ፊደል አያስፈልግም ነበር።

ቡሬ ነው ያለነው፤ ለገበሬዎች ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚያከፋፍል ማኅበር መጋዘን ቢሮ ውስጥ። እኔ መረጃ አስገቢ ነኝ፤ ጋሼ የመጋዘኑ ኃላፊ ናቸው። በወጣትነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ ሰው ስለሆኑ ድምፃቸው እስከ ዛሬ ይጎተታል፤ ቁጥር እንኳ ሲናገሩ መጨረሻውን ከፍ አድርገው ነው የሚያሳርፉት። ሲያበሽቁኝ «ገጣሚው» ይሉኛል። በተበላሸ የፕሪንተር ወረቀት ጀርባ ላይ የምሞነጫጭረውን አንድ ቀን አይተውብኛል። «ይሄ የኔ ስም ነው እንዴ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር፤ አልነበረም፣ ግን አላመኑኝም።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከመጋዘኑ ማዳበሪያ የሚወጣው በወረቀት ነበር። ቀበሌው ጽፎ ይልካል፣ ጋሼ ይፈርማሉ፣ ማኅተም ይመታል፣ አለቀ። ከዚያ ሲስተም መጣ። ጋሼና እኔ ለሥልጠና ፍኖተ ሰላም ሄድን። አሠልጣኙ ከኔ ብዙም የማይበልጥ፣ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ታቅፎ የሚንጎራደድ ልጅ ነበር። «ፓስዎርድ አንድ ቁልፍ ነው፤ አንድ ቁልፍ ይሰረቃል፤ ስለዚህ ሁለተኛ ጨምረናል» አለን። ሁለተኛው ቁልፍ ስልክ ላይ የሚጫን አፕ ነው። በየሠላሳ ሰከንዱ ስድስት አሃዝ ያለው አዲስ ቁጥር ያወጣል። እኔ በፓስዎርዴ ገብቼ የገበሬውን ጥያቄ አዘጋጃለሁ፤ ጋሼ በኃላፊነታቸው ስልካቸው ላይ የወጣውን ቁጥር ይሰጡኛል። ሁለቱ ከተገናኙ ፕሪንተሩ የመውጫ ወረቀት ያትማል። ያለዚያ ወረቀት አንድ ከረጢት ከግቢው ቢወጣ ያስወጣው ሰው በግሉ ይጠየቃል። ይህችን አሠልጣኙ ሲናገር የጋሼን ፊት አይቼ ነበር። ጡረታቸው ቀርቧል።

የሥልጠናው ዕለት ግን ሠርቷል። ጋሼ አነበቡ፣ እኔ ጻፍኩ፣ አረንጓዴ ምልክት ወጣ። አዳራሹ አጨበጨበልን። ለምን እንዳጨበጨቡ እንጃ፤ ምናልባት ከሌሎቹ ሁሉ በዕድሜ የምንራራቅ ጥንዶች እኛ ስለነበርን ይሆናል። ጋሼ ተነስተው እጅ ነሱ።

ወደ ቡሬ ከተመለስን በኋላ እውነተኛ ጉዳይ ይዛ የመጣችው የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ ይህች ሴት ናት።

የመጣችው ከሽንዲ ማዶ ነው። ጎረቤቶቿ ዩሪያቸውን በወረቀቱ ጊዜ ወስደው ጨርሰዋል። እሷ ያኔ ባሏን ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል አስተኝታ ታስታምም ነበር። አሁን ባልየው ቤቱ ገብቷል፤ ከአልጋ ግን አልወረደም። በቆሎው ጉልበት ድረስ መጥቷል። ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ አንድ ቅጠል አወጣችና ኪቦርዱ አጠገብ አኖረችልኝ። ከጫፉ ጀምሮ መሐል ጀርባውን ይዞ ቢጫ ሆኗል።

«እየው» አለች። «የሰው ማሳ ጥቁር ብሎ የኔ ብቻ ነው እንዲህ የሆነው። ከመንገድ ላይ ሆነህ ታየዋለህ። የማን ነው ብለህ ሳትጠይቅ፣ ባሏ የታመመባት የዚያች ነው ትላለህ።»

ክፍያዋ በቀበሌው በኩል አልቋል። ስሟ ሲስተሙ ላይ አለ። ያመጣት አይሱዙ እህል አራግፎ ወደ ሽንዲ ተመላሽ ነው፤ ሹፌሩ ከረጢቶቿን ሊጭንላት ተስማምቷል። ዛሬ ካልተጫነላት መኪና መቼ እንደሚገኝ የሚነግራት የለም። ዘንድሮ መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሌላ ቀን ይዘጋል፤ ለምን እንደተዘጋ ቆሞ የሚጠይቅ ሰውም የለም። ሰው መንገድ ተከፈተ ሲባል ይወጣል፣ ተዘጋ ሲባል ባለበት ያድራል። በቆሎ ግን እስኪከፈት አይጠብቅም። ጉልበት ያለፈ በቆሎ ላይ ዩሪያ መበተን ለአረሙ ማብላት ነው።

ይህ ሁሉ ተገናኝቶ የቀረው ስድስት ቁጥር ነበር።

«ይስጡኝ እስኪ፣ እኔው ላንብበው» አልኳቸው።

«እንካ። ዓይንህ ከኔ ዓይን ይሻል እንደሆነ እናያለን።»

ከቁጥሩ ጎን አንዲት ትንሽ ክብ አለች፤ እየተበላች እየተበላች ታልቃለች፤ ስታልቅ አዲስ ቁጥር ይመጣል። ክቧ እንደሞላች ጠብቄ፣ አዲሱን ቁጥር አንድ በአንድ ጻፍኩ። ገና ግማሿ እንኳ ሳይበላ ጨረስኩ።

ቀይ።

እንደገና። ቀይ።

«እ?» አሉ ጋሼ። «አሁንስ ማን ነው በኩንታል የቆጠረው?» ማሸነፋቸው ደስ ሊላቸው ከጀመረ በኋላ፣ ማሸነፋቸው ምንም እንደማይጠቅም ገባቸው መሰለኝ ድምፃቸው ከመሐል ላይ ወረደ። አግዳሚው ላይ ላለችው ሴት «ትንሽ ታገሺን፣ ልጄ» አሏት።

«እኔማ ምን ሥራ አለኝ ብላችሁ» አለች። «ሹፌሩን ነው ታገሰን የምትሉት።»

ለአሠልጣኙ ደወልኩ። ቢሮው ውስጥ የስልክ ኔትወርክ ስለማይዝ ዝናቡ እየነካኝ ደረጃው ላይ ቆሜ ነው። ከብዙ ጥሪ በኋላ አነሳ። ሚኒባስ ውስጥ ነው፤ ደምበጫን ሊያልፍ ነው፤ ከጀርባው መዝሙር ይሰማል።

«ኢንተርኔት አላችሁ?»

«አለን።»

«ሌላው ነገር ሁሉ ይከፈታል?»

«ይከፈታል። ኮዱን ነው አልቀበልም የሚለው።»

«ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩት። ደግሞ ዝም ብላችሁ ብዙ ጊዜ አትሞክሩ፣ ይቆል…»

ተቋረጠ። መልሼ ብደውል የሚያናግረኝ የለም፤ የደወሉላቸው ደንበኛ አይገኙም የምትለው ሴት ብቻ ናት። እሷን ሁልጊዜ አንድ ነገር ልላት እፈልጋለሁ።

ገብቼ የጋሼን ስልክ አጠፋሁት። ሴትዮዋ የጠቆረውን ስልክ አየችና «ተኛ እንዴ?» አለች።

«ይነሳል፣ እትዬ።»

«ባሌንም እንዲህ ነው የሚሉኝ።»

ማናችንም አልሳቅንም። እሷ ግን ትንሽ ፈገግ አለች፤ ለኛ ብላ ይመስለኛል።

ስልኩ ተነሳ። አፑን ከፈትኩ፤ አዲስ ቁጥር ወጣ። አሠልጣኙ ሳይጨርሰው የቀረው ቃል ጆሮዬ ላይ አለ፤ ምን ሊል እንደነበር አጥቼው አይደለም። ለጋሼ ነገርኳቸው። «ብንሳሳት የሚቆለፍ ይመስለኛል» አልኩ።

«ባንሞክርስ?»

«ባንሞክር… ያው ነው። እንደዚሁ ነው።»

«እንግዲያ በስመ አብ በልና አስገባው።»

በስመ አብ ብዬ አስገባሁት። ቀዩ ጽሑፍ ጠፋ፤ አንድ አፍታ ደስ አለኝ። ከዚያ ግራጫ ሳጥን መጣ። መለያው ተቆልፏል፤ የሲስተሙን አስተዳዳሪ ያነጋግሩ። ቁጥሩን የምጽፍባት ነጭ ቦታ ራሷ ጠፋች።

«አሁን ምን አለህ?» አለች ሴትዮዋ።

«ተቆለፈ።»

«ታዲያ ቁልፉ ማን ጋ ነው ያለው?»

የሲስተሙ አስተዳዳሪ ያው አሠልጣኙ ነው። ደምበጫን አልፎ፣ ኔትወርክ በሌለበት መንገድ ላይ፣ በሚኒባስ ውስጥ ተጣቦ ተቀምጧል። ቀኑ ዓርብ ነው። ይህን ለሷ በምን ቃል ልንገራት? «አንድ ልጅ ጋ ነው» አልኳት። «የት ነው ልጁ?» «መንገድ ላይ።» ጭንቅላቷን ነቀነቀች። መንገድ ላይ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ከኔ በላይ ታውቃለች።

ሹፌሩ የገባው ይኼኔ ነው። ካፖርቱ ይንጠባጠባል። ያዲስ አበባ ልጅ ለመምሰል የሚጥር የደምበጫ ልጅ ነው። «እህት ዓለም፣ እኔ ልነቃነቅ ነው፤ ዝናቡ ከጠና ድልድዩ አያሻግረኝም። ፋዘር፣ ስንት ሰዓት ሆነ?»

ጋሼ ስልካቸውን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው አዩ። «ዘጠኝ ተኩል።»

ሹፌሩ ወጣ። እኔ ያለ ምክንያት የኮምፒውተሩን ጥግ አየሁ። ሦስት ተኩል ይላል። የማይገርም ነገር ነው፤ አገሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚኖረው። ሦስት ተኩል የተጻፈ እናያለን፣ ዘጠኝ ተኩል ብለን እንናገራለን፤ መሐሉ ላይ ያለውን ሒሳብ ማንም ሲሠራው አይታወቀውም። ጋሼም እንዲሁ አንብበው እንዲሁ የተናገሩ መሰለኝ። ግን ስልኩን መልሰው ሲያስቀምጡት ፊቱ ወደ እኔ ነበር። ዘጠኝ ተኩል ተብሎ ነው የተጻፈበት።

«ጋሼ፣ ይሄን ሰዓት ማን ሞላው?»

«የስልኩን? እኔው ነኛ።»

«መቼ?»

«ከሥልጠናው የተመለስን ጊዜ። ያ ልጅ አበላሽቶብኝ። ለኪዳን ጸሎት የሚቀሰቅሰኝ ስልኩ ነው። በማግሥቱ ዝም ብሎኝ አደረና ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ እዚህ ቢሮ ሰው ከቦኝ ጮኸብኝ። አንተም ስቀህብኛል።»

ስቄባቸዋለሁ፤ አስታወስኩ። ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። በሥልጠናው ዕለት አሠልጣኙ የጋሼን ስልክ ተቀብሎ፣ ምንም ሳይናገር የሆነ ቦታ ገብቶ የሆነ ነገር ነካክቶ ነበር። ለምን እንደሆነ አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅነውም። ሠላሳ ሰከንድ እየቆጠረ ቁጥር የሚቀይር ነገር ከምን ላይ ነው የሚቆጥረው? ከስልኩ ሰዓት ነው። ኮምፒውተሩ ወዲያ ማዶ ሆኖ የሦስት ተኩልን ቁጥር ይጠብቃል፤ ጋሼ ደግሞ የዘጠኝ ተኩልን ያነቡለታል። ለሁለቱ ስድስት ሰዓት ትልቅ ርቀት ነው። ለኛ ግን ምንም አይደለም። ጅጋ ያለችው እናቴ ስልክም እንዲሁ ነው የተሞላው፤ የሞላሁላትም እኔ ነኝ። የቀበሌው ሊቀ መንበርም፣ የሻይ ቤታችን ባለቤትም እንዲሁ ናቸው። ሰው ስልኩን ሲገዛ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር የፈረንጁን ሰዓት አውጥቶ የራሱን ማስገባት ነው።

ለጋሼ ነገርኳቸው። ቀስ ብዬ፣ ላለመጮኽ እየተጠነቀቅሁ። እሳቸው ግን ጮኹ።

«የኔ ሰዓት ልክ ነው!»

«ልክ ነው።»

«አሁን ዘጠኝ ተኩል አይደለም?»

«ነው፣ ጋሼ።»

«ታዲያ የተሳሳተው ማን ነው?»

«ማንም አልተሳሳተም። ኮምፒውተሩም ልክ ነው።»

«ሁሉም ልክ ከሆነ ይቺ ሴት ለምንድን ነው ባዶ እጇን የምትሄደው? ንገረኝ! ግጥም ትጽፍ የለ? እስኪ አስረዳኝ!»

ቃል የጠፋኝ ብዙ ጊዜ ነው፤ እንደዚያ ቀን ግን ቃሉ ሁሉ እያለ አንዱም አንድ ከረጢት የማያነሳ ሆኖ አላውቅም።

«በሰዓት ነው እንዴ የምትጣሉት?» አለች ሴትዮዋ ከአግዳሚው ላይ። «ምነው፣ እኔ የቸገረኝ ቀኑ ነው።»

ጋሼ ወደ እሷ ዞሩ። ከዚያ ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙና ሰጡኝ። «እንካ። አድርገው። ኪዳኑንም እግዚአብሔር ያውቃል።»

ሰዓቱን ወደ ነበረበት መለስኩት። ዘጠኝ ተኩሉ ጠፍቶ ሦስት ከሠላሳ ስድስት መጣ። አፑን ከፈትኩ። አዲስ ቁጥር ወጣ፤ ክቧ ሞልታ መበላት ጀመረች። ቁጥሩን ትክ ብዬ አየሁት። ከቀድሞዎቹ በምንም አይለይም። ስድስት አሃዝ ነው። ልክ ይሁን አይሁን የምሞክርበት ቦታ የለኝም። ክቧ አለቀች፤ ቁጥሩ ሄደ፤ ሌላ መጣ። እሱም ሄደ። ምናልባት እውነተኛው ቁልፍ ይህ ነበር፤ በየሠላሳ ሰከንዱ በእጄ ላይ እየወጣ እየሞተ።

ጋሼ ስልኩን ከእጄ ወስደው ለማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ደወሉ። ደረጃው ላይ ቆመው ነው ያናገሩት፤ እኔ የምሰማው የሳቸውን ብቻ ነው። «ስሟ አለ ጌታዬ… አዎ፣ ቀበሌው ልኳል… አይ፣ በወረቀት ልስጣትና ሰኞ ሲስተሙ ሲከፈት ልናስገባው ብዬ ነው… አውቃለሁ… እሺ… እሺ አልኩ እኮ።» ሲገቡ ጫማቸውን ለረጅም ጊዜ ጠረጉ።

«ሲስተሙን ጠብቁ ነው የሚለው።»

ከቢሮው መስኮት መጋዘኑ ይታያል። አየር እንዲገባ የመጋዘኑ መስኮት የላይኛው ግማሽ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው፤ ከውስጥ ነጫጭ ከረጢቶች ተደርድረው እስከ ጣሪያው ይታያሉ። ጋሼ የቁልፍ መያዣቸውን ከኪሳቸው አወጡና መስኮቱ ጋ ቆሙ። የመጋዘኑን ቁልፍ ከሌሎቹ ለይተው በጣታቸው ይዘውታል። ሄደው ይከፍቱታል ብዬ አሰብኩ። ከልቤ ፈልጌም ነበር፤ ግን ጡረታቸውን አስቤ ምንም አላልኩም። ሴትዮዋም ተነስታ አጠገባቸው መጥታ አብራቸው አየች።

«ያው እኮ ነው፤ ይታያል» አለች።

«ይታያል፣ ልጄ።»

«ቁልፉም ከእርስዎ ጋር ነው።»

«ከኔ ጋር ነው።»

«አባቴ፣ እንግዲህ ያላመነዎት ስልኩ ነዋ።»

ጋሼ ቁልፉን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን ማኅተም ከነመርገጫው ከቀኝ ወደ ግራ አዛወሩት።

ውጭ አይሱዙው ጥሩምባ ነፋ።

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካከለች። «ሰኞ ብመጣ ይከፈታል?» አለችኝ።

«ይከፈታል» አልኩ። ይህ እውነት ነበር።

«እኔስ እመጣለሁ?»

የጠየቀችው እኔን አልነበረም። አግዳሚው ላይ የተቀመጠችበትን ቦታ በእጇ ጠረገችልን፤ ከእግሯ የወጣውን ጭቃም በጫማዋ ጫፍ ወደ ጥግ ገፋ አደረገችው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «ደከማችሁ።»

ጋሼ ተነስተው ቆሙ። ቆመው ምን እንደሚያደርጉ ስላላወቁ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉላት። እኔም ብድግ አልኩ። «ባልሽን እግዜር ይማርልሽ» አሏት፤ «አሜን» አለች። ጥሩምባው እንደገና ተነፋ።

ወጣች። በራችን በክረምት እንጨቱ ያብጣል፤ ከታች ከፍ አድርገው ካልገፉት አይገጥምም። ቀኑን ሙሉ እዚያ ተቀምጣ እኛ ስንዘጋው አይታን ኖሯል፤ ዝናቡ እንዳይገባብን ብላ መልሳ ያዘችው፣ ከፍ አድርጋ ገፋችው፣ ዘጋችው።